የእነ አያ ዋልልኝ መርዶ

በሕይወቴ መርዶ የተናገርኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያኔ ሰባት ወይ ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ ያረዳኋቸውም ሟቾቹን ራሳቸውን ነበር።

ዛሬ ደብረ ታቦር ውስጥ ሲሚንቶና ቆርቆሮ የምሸጥ፣ ከደንበኛ ጋር ስከራከር የምውል ሴት ነኝ። ሰው ሲያየኝ እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ የሚወጣ አይመስለውም። ግን ከጉና በኩል የመጣ ገበሬ ምስማር ሊገዛ ይገባና የማን ልጅ እንደሆንኩ ይጠይቀኛል። የየሺ ልጅ የምስራች ነኝ ስለው ሂሳቡን ይረሳና ፈገግ ብሎ ያየኛል። «አያ ዋልልኝን ያረዳሻቸው አንቺ ነሽ እንዴ?» ይለኛል። አዎ፣ እኔ ነኝ። የሆነውን በቅደም ተከተሉ ልንገራችሁ።

ቀዬአችን ከደብረ ታቦር ወጥቶ ወደ ጉና ከሚያቀናው መንገድ ወረድ ብሎ ነው፤ ገብስና ድንች የሚበቅልበት፣ ታኅሣሥ ሲገባ የጧት ውርጭ ጣት የሚቆረጥምበት አገር። አባቴን አላውቀውም፤ ቤቱ የእናቴና የእኔ ነበር። ከአጥራችን ቀጥሎ አያ ዋልልኝና ባለቤታቸው እትዬ ካሰች ይኖሩ ነበር። እትዬ ካሰች የክርስትና እናቴ ናቸው። ልጅ አልወለዱም፤ ስለዚህ እኔ ሁለት ቤት ነበረኝ። እናቴ ስትቆጣኝ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኬ እነሱ ጋ ነኝ። እትዬ ካሰች ከረመጥ ውስጥ ድንች ያወጡልኛል፤ እየነፋሁ ስበላ አያ ዋልልኝ ዘመቻ እንደመጣበት ሰው ይሆኑና ድንቻቸውን ይደብቁብኛል። ማታ በበግ አጎዛው ላይ እንቅልፍ ይጥለኛል፤ ጧት ስነቃ ራሴን እናቴ ቤት አገኘዋለሁ። ያ የአጎዛ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

መርዶ ምን እንደሆነ ያወቅኩት እኔ ራሴ ከመናገሬ ሁለት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው። የጎረቤታችን የእሸቴ እናት ትልቁ ልጅ መተማ ሰሊጥ አጨዳ ሄዶ በወባ ሞተ። ወሬው ቀድሞ የደረሰው ለሁሉም ነበር፤ ከእሳቸው በቀር። ሴቶቹ እንደ ወትሮው ቤታቸው እየሄዱ ጥጥ ሲፈትሉ፣ ሲጫወቱ፣ ሲያስቋቸውም ሰነበቱ። እናቴ እጄን ጭብጥ አድርጋ ይዛ፣ አንዲት ቃል ከአፌ ብትወጣ ምላሴን እንደምትቆርጠው ነገረችኝ። ከዚያ አንድ ቀን፣ ሊነጋጋ ሲል፣ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። እንዲቀመጡ ነገሯቸው፤ ጠንከር እንዲሉ ነገሯቸው፤ የማይቀር መሆኑን ነገሯቸው። የእሸቴ እናት ጩኸት እስከ ወንዙ ማዶ ተሰማ። ሰው ሁሉ ከያለበት እየሮጠ መጣ። ሲበርድላቸው የተናገሩት ነገር ግን ከጩኸቱ ይልቅ ልቤ ውስጥ ቀረ፦ «ልጄ ሞቶ ስስቅ አዋላችሁኝ» አሉ።

በዓቢይ ጾም ቅበላ ሰሞን እነ አያ ዋልልኝ ደጃፍ ትልቅ ዳስ ተጣለ። በሬ ታረደ፤ ጠላው በጋን በጋን ተደረደረ። እናቴ እንስራ አዝላ በወገቧ ጎንበስ ብላ ስታልፍ ተከትዬ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኳት። ተዝካር ነው አለችኝ። የማን ስላት፣ እንስራው ከብዷት ነበርና፣ ዞር እንኳን ሳትል «የአያ ዋልልኝና የእትዬ ካሰች» ብላኝ አለፈች።

ዛሬ የማውቀውን ያኔ የነገረኝ የለም። ልጅ የሌለው ሰው ከሞተ በኋላ ተዝካሩን የሚያወጣለት ስለማይኖር፣ ዓይኑ እያየ፣ በቁሙ ያወጣል። የእነሱ ደግሞ ሌላም ምክንያት ነበረው። ከበዓለ ትንሣኤ ተሳላሚዎች ጋር ኢየሩሳሌም ሊሄዱ፣ ሄደውም እዚያው ሊቀሩ፣ በዚያ አፈር ሊያርፉ ወስነዋል። ከብቶቹን ለመንገዱ ሸጠዋል። ቤቱንና መሬቱን በሽማግሌ ፊት ለአያ ዋልልኝ ወንድም ልጅ ለመልካሙ ሰጥተዋል። ሕፃን እንዲህ ያለ ነገር አይነገረውም። እኔ ያለኝ ዓይኔ ብቻ ነበር፤ ዓይኔም ያየው ሌላ ነው።

ቄስ ይሻው ጸሎተ ፍትሐቱን ሲያደርሱ የሁለቱን የክርስትና ስም ይጠራሉ። እነሱ ነጭ ለብሰው ከዳሱ ራስጌ ተቀምጠዋል። የበላው ሰው እጁን እየታጠበ በልማዱ «ነፍስ ይማር» ይላል፤ አያ ዋልልኝም ጉበታቸውን እያላመጡ «አሜን» ይላሉ። አንዱ ጎረምሳ ሳቁ አምልጦት አጎቱ በክርን ጎሸሙት። ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ገባኝ ስላችሁ እንደ ቀን ብርሃን ነበር። እነ አያ ዋልልኝ ሞተዋል። እንደ እሸቴ እናት እነሱም አልተነገራቸውም። አገሩ ሁሉ ያውቃል፣ ያበላቸዋል፣ ያጫውታቸዋል፤ ቀኑ ሲደርስ ጎሕ ሲቀድ ሄዶ ያረዳቸዋል። እስከዚያው የሁላችንም ሥራ ፊታችንን አለማበላሸት ነው።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት ከባድ ነበሩ። እትዬ ካሰች ድንቹን ሲሰጡኝ እጃቸውን እየነካሁ መሞቁን አያለሁ። ሟች እንዲህ ይሞቃል ማለት ነው ብዬ እገረማለሁ። ምን ሆነሽ ነው የምታዪኝ ሲሉኝ ምንም እላለሁ፤ ምላሴን እወዳት ነበር። የጉዟቸው ዕለት ቀዬው ሁሉ እስከ መኪናው መንገድ ሸኛቸው። እንደዚያ ያለ ልቅሶ በቀብር እንኳን አይቼ አላውቅም። እኔ ብቻ አላለቀስኩም፤ ካለቀስኩ ያውቁብኛል ብዬ ነው። ሚኒባሱ አቧራውን አንስቶ ሲጠፋ ግን፣ ማንም ሳያረዳቸው መሄዳቸው አንገበገበኝ።

መልካሙ ከሚስቱ ከገነት ጋር ቤቱ ገባ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እኔ ግን ጠመድኩት። የአጥሩን ቀዳዳ በእሾህ ደፈነው፤ በጎች ስለሚያልፉበት ነበር፣ እኔ ግን ለእኔ ያደረገው መሰለኝ። በሁለተኛው ዓመት፣ እህል ተሰብስቦ ሲያበቃ፣ ቆርቆሮ ክዳን ያለው ቤት ሊሠራ አሮጌውን አፈረሰው። የጥላሸቱ አቧራ ሲቦን ከእናቴ ጋር ቆመን አየን። የተኛሁበት መደብ ፀሐይ ላይ ተገልጦ፣ ትንሽ ሆኖ ታየኝ። እናቴ ያን ማታ ራት ሳትበላ ተኛች።

በዚህ መሀል ሟቾቼ የት እንደነበሩ የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው። ከጉዞው ቡድን ተለይተው ቀርተው ነበር። አንዲት የጋይንት ሴት፣ እዚያ ሠርታ አዳሪ፣ ከምትኖርበት ምድር ቤት አንዲት ክፍል አስጠጋቻቸው። አያ ዋልልኝ ግቢ ይጠርጋሉ፤ እትዬ ካሰች አንዲት በሽተኛ አሮጊት ያስታምማሉ። በየሰንበቱ ቆርበው ሞትን ይጠብቃሉ። ሞት ደግሞ የጠሩት ዕለት አይመጣም፤ ይባስ ብሎ የአያ ዋልልኝ የቆየ ሳል ለቀቃቸው። ዓመት አልፎ መንፈቅ ሲቃረብ ያገር ልጆች አዋጥተው አሳፈሯቸው። ከኢየሩሳሌም አዲስ አበባ ግማሽ ቀን አልፈጀባቸውም። ከአዲስ አበባ ወረታ በአውቶቡስ ደረሱ። ከወረታ ወደ እኛ የሚያወጣውን መንገድ በመያዝ ፈንታ ግን ወደ ይፋግ ዞሩ፤ የእትዬ ካሰች ወንድም እዚያ ነበር። ከይፋግ እኛ ቀዬ የአንድ ቀን መንገድ አይሞላም፤ እነሱን ግን ክረምቱ እስኪወጣና እህሉ እስኪሰበሰብ ያዛቸው። አፈሩ። አገር አልቅሶ ሸኝቷቸው፣ ተዝካራቸው ተበልቶ፣ ቤት ንብረታቸውን መርቀው ሰጥተው፣ በምን ፊታቸው ይመለሱ?

የመጡት ታኅሣሥ ውስጥ፣ ሊመሽ ሲል ነው። በጎቹን አስገብተን እናቴ እሳት ስታያይዝ በሩ ላይ ሁለት ነጫጭ ሰዎች ቆሙ። ውሻችን አልጮኸም። ውሻ በሙታን ላይ እንደማይጮኽ ያን ዕለት ተማርኩ ብዬ ነበር፤ ውሻው ያሳደጉትን ሰዎች አውቆ ጭራውን እየቆላ እንደነበር ትዝ ያለኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ አንድም ቃል ሳትናገር ውሃ አሙቃ እግራቸውን አጠበች። እግራቸው አባብጦ ነበር። ከዚያኛው ዓለም መንገዱ ሩቅ ነው ማለት ነው አልኩ በልቤ። አልፈራሁም። ደስታዬን የት እንደማደርገው ነው የጨነቀኝ፤ ሄጄ እትዬ ካሰች ጉያ ውስጥ ገባሁ፣ አሁንም ይሞቃሉ።

ማንም እንዳያያቸው ለመኗት። ዓይናችሁን ብቻ አይተን እንሄዳለን አሉ። እናቴ ጓዳ ደበቀቻቸው፤ እኔንም እንደ ልማዷ በምላሴ አስፈራራችኝ። እነዚያ ጥቂት ቀናት በልጅነቴ ካሳለፍኳቸው ሁሉ የበለጡ ነበሩ። አያ ዋልልኝ በጨለማው ጓዳ ውስጥ ስለዚያ አገር ሲያወሩልኝ እውላለሁ። የድንጋይ ብዛቱን ሲናገሩ፣ ከጉና ድንጋይ አይበልጥም፣ ደግሞ ሣር የለውም ብለው ያሙታል። ለምን እንደተመለሱ እናቴ ስትጠይቃቸው የሞት ወረፋው ረዝሞባቸው መሆኑን ይነግሯታል። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና እየሳቀች ታለቅሳለች።

ቄስ ይሻው በምስጢር ተጠርተው መጡ። ሲወጡ እናቴ እስከ አጥሩ ሸኘቻቸው፤ እኔም ከበጎቹ ጉረኖ ጀርባ ነበርኩ።

«ሄደው በዓይናቸው ቢያዩትስ? ሳይነገራቸው?» አለች እናቴ።

«እስቲ ድካሙ ይውጣላቸው» አሏት። «ከዚያ ሰብሰብ ብለን እንነግራቸዋለን። እንዲህ ያለ ነገር በድንገት አይነገርም።»

የሚያወሩት ስለፈረሰው ቤት ነበር። ሁለቱ አዛውንቶች ሰው እንዳያያቸው በጓሮ በኩል መጥተው ከጓዳ ስላልወጡ፣ ቤታቸው እንደሌለ አያውቁም። እኔ ግን ምን እንደሚያወሩ በደንብ የማውቅ መሰለኝ፤ በመጨረሻ ሊያረዷቸው ነው ብዬ ተንፈስ አልኩ።

በማግስቱ ማታ አያ ዋልልኝ ሲነጋ እንደሚሄዱ ተናገሩ። ወደ አንድ ገዳም ሊገቡ ነው፤ እዚያ ማንም የማን ናችሁ አይላቸውም። እናቴ ለመነች፤ ትንሽ ቆዩ አለች፤ ለምን እንደምትለምን ግን መናገር አቃታት። እትዬ ካሰች አንገታቸውን ደፉ። እኔ እንቅልፍ አጣሁ። ይኸው እንደገና ሳይሰሙ ሊሄዱ ነው። የእሸቴ እናት ስስቅ አዋላችሁኝ ያሉት በጆሮዬ ይመላለሳል። እናቴ ፈራች፣ ቄሱ ዘገዩ፤ ከእኔ ሌላ ማን ቀረ?

ወፍ ሲንጫጫ ተነሳሁ። የእናቴን ነጠላ አዘቅዝቄ ለበስኩ፤ መሬት ለመሬት እየጎተትኩት ጓዳ ገባሁ። ነቅተው ጓዛቸውን እየቋጠሩ ነበር።

«ቁጭ በሉ» አልኳቸው።

አያ ዋልልኝ እንደተቀመጡ ነገሩኝ። እንደ ሽማግሌዎቹ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ጠንከር በሉ። የማይቀር ነው። ሞታችኋል።»

ፈጥኜ መጨረስ እንዳለብኝ ተሰማኝ። «ተዝካራችሁን በልተናል። እኔም በልቻለሁ። እስካሁን ዝም ያሉት እንዳትጎዱ ብለው ነው። ሳትሰሙ እንዳትሄዱ ብዬ ነው የነገርኳችሁ።»

አያ ዋልልኝ ብዙ አዩኝ። «ስምሽ የምስራች፣ ወሬሽ መርዶ» አሉ በመጨረሻ፤ ሊስቁ አስበው ነበር፣ ሳቁ ግን አልመጣላቸውም።

እትዬ ካሰች ወደ እሳቸው ሳቡኝ። «እናውቃለን ልጄ» አሉኝ። «ለዚህ እኮ ነው የመጣነው።»

ይህን ብለው ጮኹ። ድምፁ ከደረታቸው ሳይሆን ከወለሉ የወጣ መሰለኝ። በዚያ ባዕድ ምድር ቤት፣ በአውቶቡሱ፣ ይፋግ ወንድማቸው ቤት፣ እዚህ ጓዳ ውስጥ የዋጡት ሁሉ አንድ ላይ ወጣ። እናቴ እየሮጠች መጣችና አፋቸውን ልትይዝ እጇን ዘረጋች፤ ግን ሳትነካቸው መልሳ ጣለችው፣ እሷም ታለቅስ ጀመር።

በእኛ አገር ጎሕ ሲቀድ የሴት ጩኸት ከተሰማ ማን እንደሞተ የሚጠይቅ የለም፤ መጀመሪያ ይሮጣል። መልካሙ ቅርብ ስለሆነ ቀድሞ ደረሰ፤ ጋቢውን ጥሎ፣ በባዶ እግሩ ነው የመጣው። ተከትሎ ገነት፣ ተከትሎ የእሸቴ እናት፣ ከዚያ ማዶና ማዶ ያለው ሁሉ። ለማን እንደሚያለቅሱ ሳያውቁ እያለቀሱ ገቡ። በሩ ላይ ሲደርሱ እየተጋጩ ይቆማሉ። አንድ ሁለቱ አማተቡ። እንስራዋን እንደያዘች የሮጠች አንዲት ሴት «በስመ አብ» ብላ ወደ ኋላ ሸሸች።

መልካሙ ተንበርክኮ የአጎቱን ጉልበት ያዘ። አንገቱን ቀና ማድረግ አልቻለም።

«ቤቱን አፍርሼዋለሁ አያ» አላቸው።

እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። «የሰጠሁህ ቤት ነው» አሉ አያ ዋልልኝ። «ያፈረስከው የራስህን ነው። እኛ መንገደኞች ነን፤ አሁን ልንወጣ ነው።» ከዘራቸውን ፈልገው ብድግ አሉ። እትዬ ካሰችም የነጠላቸውን ጫፍ አጣፍተው ተነሱ።

የእሸቴ እናት በሩ ላይ ቆመው ነበር። እጃቸውን ዘርግተው መቃኑን ግራና ቀኝ ያዙ።

«የትም አትሄዱም» አሉ።

ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። ከኋላቸው ያለው ሰው ተቀበላቸው። አትሄዱም፣ የት ትሄዳላችሁ፣ ጥላችሁን አትሂዱ እያለ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራ ጀመር። ለልቅሶ የመጣው እንባ ተርፎ ነበርና በዚያው ፈሰሰ። መልካሙ ጉልበታቸውን ሳይለቅ፣ ቤቱ ገና ማገር ላይ እንደሆነ፣ ጭቃ እንዳልተመታ፣ ጓዳ ጨምሮ ሁለተኛ በር ማውጣት እንደሚቻል እየተንተባተበ ይናገራል። ገነት፣ እሷም በዐረብ አገር ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ናት፤ ለጭቃው የሚሆን ጭድ እንደተረፈ አስታወሰችው።

ያን ቀን ቤታችን ለቀስተኛ እንደሞላበት ቤት ዋለ። ሴቶቹ እንደ እዝን ወጉ እንጀራና ወጥ፣ ንፍሮም ይዘው መጡ። አንዱ ነገረኛ ተዝካሩ እንዴት ሊሆን ነው፣ እዳ አይሆንም ወይ ብሎ ቄስ ይሻውን ጠየቃቸው። ጸሎት እንደማይባክን፣ ጊዜው ሲደርስ እንደሚደርስ ነገሩት። አያ ዋልልኝ ደግሞ የበላችሁትን መልሱ አልልም ብለው አሳቁት። ወደ ማታ በሳቁ ብዛት ልቅሶ መሆኑ ተረስቶ ነበር።

በሳምንቱ ጭቃው ተቦካ። አያ ዋልልኝ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ከመልካሙ ጋር ገቡበት። ውርጩ ያረፈበት ጭቃ እግራቸውን ሲነካው የተሳደቡት ስድብ፣ ሱቄ ውስጥ የማልደግመው ነው። እንዳልሞቱ ያመንኩት ያኔ ነው። ሟች እንዲያ አይሳደብም።

ግን ለማረጋገጥ ፈለግሁ። እትዬ ካሰች ከገነት የተቀበሉትን ጭድ በሰፌድ እየነሰነሱ ነበር፤ እኔም ሰፌዱን በሌላው ጫፍ ይዤላቸዋለሁ። መርዶውን ስለሰሙ አሁን ይሄዱ እንደሆን ጠየቅኳቸው።

እጃቸው ቆመ። «ኢየሩሳሌም የሄድን ዕለት አገሩ ሁሉ አልቅሶልን ነበር» አሉኝ። «እኔ መኪናው ውስጥ ከገባሁ በኋላ በመስኮቱ አንድ ሰው እጠብቅ ነበር። ማንም ይሁን ማን። አንድ ሰው ‹ካሰች፣ አትሂጂ› ቢለኝ እወርድ ነበር። መረቁን እንጂ ማንም አትሂዱ አላለንም። እዚያም ሆኜ ሌሊት ሌሊት የማስበው እሱን ነበር።»

ጭዱን እፍኝ አድርገው ጭቃው ላይ በተኑት።

«አሁን ግን ሁሉም አለን» አሉ። «አንቺ ብቻ ቀረሽ።»

ሰፌዱን ለቅቄ ቀሚሳቸውን ያዝኩ።

«አትሂዱ» አልኳቸው።

«እሺ» አሉኝ።